እንትፍ በይባት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 29 ቀን 1963

ሙሉነሽ ስሜን የጠራችው እኔው ራሴ ስጠይቃት ነው።

እስከዚያ ድረስ ቀኑ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነበር። የአገሩን ልማድ የሚያጠኑት ዶክተር ሮልፍ ቴፓቸውን አንግተው፣ እኔ ከኋላ ከኋላቸው፣ ከአርብ ገበያ በታች ወዳለው ጠበል ወረድን። ብርድ። በሽተኛው ብዙ። መሪጌታ ቀለመወርቅ መስቀላቸውን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ። እኔ ማን ምን እንዳለ፣ ከአገሩ አነጋገር የሚያመልጣቸውን፣ በዶክተሩ ጆሮ እተረጉማለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ዛር ያደረበት፣ ቡዳ የበላው፣ ጋኔን የለከፈው... እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እጠይቅላቸዋለሁ፣ ሰው ይናገራል።

ከዚያ ባሏ እንየው ሙሉነሽን አዝሏት መጣ። አብሮ አደጌን። ከስታለች። ዓይኗ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል። ትስቃለች... የሷ ሳቅ አይደለም። መሪጌታ ጠበሉን ሲረጩባት «በላኋት! በላኋት!» እያለች መጮህ ጀመረች።

«ማነህ? ስምህን ተናገር!» ይላሉ መሪጌታ።  ሳቅ ብቻ።

ዶክተሩ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «አንቺ ጠይቂያት። ጓደኛሽ አይደለችም? ላንቺ ትመልስ ይሆናል።»

መስቀል ያልያዘ ሰው አይጠይቅም። ይህን የማያውቅ የጋይንት ልጅ የለም። ባዶ እጁን የጠየቀ በራሱ ላይ ይጠራል ይባላል። ለዶክተሩ ይህን የነገርኳቸውም እኔው ነኝ። ግን ኮራሁ። የተማርኩ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን አልፈራም አልኩ። ጎንበስ ብዬ «ማን ነሽ?» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«አዲስዓለም ነኝ። በሚካኤል ዝክር ዕለት በላኋት። ጡቷን አይቼ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 30

የሚካኤል ዕለት አይቻታለሁ። እውነት ነው።

ዶክተሩ «ዛሬ አትብዪ፤ ተመልከቺ። ማን ለማን እንደሚያጎርስ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀርብ» ብለውኝ ነበር። ጥግ ይዤ አየሁ። ምግብ ቀርቦለት አልበላም የሚል ሰው፣ ዓይኑን ሰው አፍ ላይ ተክሎ የሚውል ሰው... እኛ አገር ምን እንደሚባል እንዴት ረሳሁት? ሙሉነሽ ሕፃኗን ታጠባ ነበር። ወተቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። «አቤት ወተትሽ! ላም ሆንሽ እኮ!» አልኳት። ሳቅን። እንትፍ እንትፍ አላልኩም። ማርያም ትጠብቅልሽ አላልኩም። አማቷ እትዬ ካሣነሽ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ጡቷን ሲሸፍኑ አየሁ። ያን ጊዜ ያንንም እንደ ትምህርት ነበር ያየሁት። ከዓይን የመከለል ልማድ፣ ብዬ።

ዶክተሩ ዛሬ ደስ ብሏቸው ዋሉ። «አዲስዓለም፣ ይህ ለአንድ ተመራማሪ በዕድሜው አንዴ የሚገጥም ነው። ነገሩን ከውስጥ ልታዪው ነው።»

ከውስጥ! ጉድጓድ የገባም ከውስጥ ያያል።

ከመጀመሪያው የወደድኩት ትምህርታቸው አንድ ነበር። «እውነት ነው ሐሰት ነው ብለሽ አትፍረጂ። ሰዎቹ እንደሚያዩት እዪ።» በአዳሪ ትምህርት ቤት «አጉል እምነት» እየተባለ ሲሳቅብን ላደግሁት ለኔ፣ አገሬን ያከበሩልኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሰዎቹ እንደሚያዩት ባይ... ጅብ ነኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2

ገበያ አልወጣም ብዬ ነበር። እልህ አወጣኝ።

ባቄላ የምትሸጥ ሴት ገና ሳልደርስባት ነጠላዋን በሕፃኗ ፊት ላይ ጣለች። ከኋላዬ አንዱ «ጅቢቱ መጣች! አህዮቻችሁን እሰሩ!» አለ። ሳቁ እስከ ገበያው ጫፍ ሄደ። ዞሬ «ያንተን አህያ ጅብም አይበላት፤ አጥንት ብቻ ናት» አልኩት። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ቡዳ እንዳየ ሰው አውራ ጣቱን በጣቶቹ መሐል ደብቆ ቆመ። ፈራኝ። በሕይወቴ ማንም ፈርቶኝ አያውቅም ነበር። እና... ለአንድ አፍታ መፈራቴን አልጠላሁትም። ይህን ለምን እጽፋለሁ?

ጨርቅና ጨው የምትነግደው ሀቢባ ከሱቋ በር ላይ ሆና ተጣራች። «ነይ እስቲ! ነይ ቁጭ በይና ተምር ስበላ እዪኝ። ባሌ እንኳ ደኅና አድርጎ አይቶኝ አያውቅ!»

«አትፈሪኝም?»

«አንቺን? እኛንስ ቀን ሲጎድልባቸው ስንት ነገር ይሉናል። የሰው አፍ ነው፤ አላህ ይዝጋው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ስለ ውብነሽ ሰርግ ግን አስቡበት። የግራዝማች አለበል ሚስት ዛሬ ለሙሽራዋ ጨርቅ ልትመርጥ ቀጥራኝ ነበር። ቀረች።»

ውብነሽ። ታናሽ እህቴ። ሰርጓ ጥር 23 ነው። የግራዝማችን ልጅ ከልቧ ትወደዋለች፤ ከወንዝ ስትመለስ የሚያልፍበትን መንገድ መርጣ ነው የምትመጣው።

እስካሁን የራሴ ጣጣ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3

ሰዉ የስማዳውን አያቴን ማንሣት ጀምሯል። እናቴን ጠየቅኋት።

«እማ፣ የአባቴ አባት ሥራው ምን ነበር?»

ገብሷን ማበጠሯን ቀጠለች። ሁልጊዜ «አራሽ ነበር» ነበር የምትለን።

«እማ።»

«ማረሻ ይሠራ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «ማጭድም። ስንቱ አገር ያረሰበት ማረሻ።»

ቀጥቃጭ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው ይላሉ። ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይላሉ። ሲነጋ ግን ዶማቸውን ይዘው ደጁ ላይ ይሰለፋሉ።

«ማን ነገራቸው? አባቴ እንኳ ሳይናገር አይደል የሞተው?»

«ፈረንጅሽ ነዋ! በጥቅምት ሽማግሌ ለሽማግሌ ሲዞር ነበር። የአዲስዓለም አባት ወገን ከየት ነው፣ ምን ይሠራሉ እያለ። አንቺን ሳያስከትል። ያልጠረጠረውን ሁሉ እንዲጠረጥር አደረገው።»

በጥቅምት። ሙሉነሽ ሳትታመም በፊት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ድንኳናቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አልካዱም።

«የረዳቴን ወገን ማወቅ የጥናቱ አካል ነው።» አማርኛቸው ስሕተት የለውም። እንደ መጽሐፍ ነው።

«ለምን ከኔ ደበቁ?»

«ካወቅሽ ሁኔታው ይለወጣል።»

«ሁኔታው ማለት እኔ ነኝ?»

 ፒፓቸውን መጥረግ ያዙ።

«ሰዉ ያከብርዎታል። አንድ ቃል ይናገሩልኝ። ጠይቂ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ይበሉ።»

«ጣልቃ ከገባሁ የማጠናው ነገር ይበላሻል።»

«እኔ ስበላሽስ?»

«እናዝናለን» አሉ። እናዝናለን! ከማን ጋር ሆነው?

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ወረቀት ላይ አንቱታ የለም። እሱ ነው። ሮልፍ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

እንየው ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። እደጃችን ቆሙ፤ ግቡ ብንላቸው አልገቡም። አንደኛው ሽማግሌ ተናገሩ። ስድብ የለበትም። ልመና ነው። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ያለፈው አልፏል። ማንም አይነካሽም። መጥተሽ እንትፍ በይባትና ልቀቂያት። ነፍስ ናት።»

እንየው መሬት መሬት እያየ ያለቅሳል። «አዲስ፣ እንደ እህቷ ነበርሽ እኮ። ምን በደልንሽ?»

ስሙ የተጠራ ሰው ከተፋባት በሽተኛዋ ትድናለች፤ ይህ ከጥንት የመጣ ነው። የተፋው ሰው ግን በራሱ አፍ አመነ ማለት ነው። እሱ ብቻም አይደለም። እናቱም፣ እህቱም፣ ያልተወለደ ልጁም።

«ልጄ የማንንም ሰው አልበላች!» አለች እናቴ ከውስጥ። «ሂዱልኝ!»

ሽማግሌው በቀስታ «እንግዲህ ከሞተች ደሟ በናንተ ላይ ነው» ብለው ዞሩ። የረገሙ አይመስሉም፤ ያዘኑ ነው የሚመስሉት።

ውብነሽ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አልወጣችም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 7

ሙሉነሽ ከትናንት ጀምሮ ውኃም አልወሰደችም አሉ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

አልቻልኩም። ሄድኩ።

እንየው በሩ ላይ ቆመ፤ ገፍቼው ገባሁ። ሙሉነሽ መደብ ላይ ናት። አላወቀችኝም። ትኩሳቷ ገና ሳልነካት ይጋረፋል። ቀሚሷን ገልጬ አየሁ... ግራ ጡቷ ቀልቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ስነካው ጮኸች። እንደ ጅብ አይደለም የጮኸችው። እንደ ሙሉነሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የምንኖር የነርስ ተማሪ ነበረች፤ እንዲህ ያለውን ስትነግረኝ አስታውሳለሁ። መግል ነው። ይቀደዳል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይድናል። ካልሆነ ግን ወደ ደም ይገባል።

«ቃሬዛ ሥሩ! ንፋስ መውጫ ቁስል የሚያክም ድሬሰር አለ። ዛሬውኑ!»

«ቡዳ የበላውን ሰው መርፌ ከነካው ይሞታል» አሉ እትዬ ካሣነሽ። ሌላ ምንም አላሉም። ለሳቸው ነገሩ እሳት ያቃጥላል እንደማለት ነው።

«እትዬ፣ መግል ነው! እዩት እስቲ!»

«አየሁት። አንቺ ያየሽው ቦታ ላይ ነው።»



እንየው ተከትሎኝ ወጣ። አጥር ሥር ቆመን። «አዲስ፣ መጀመሪያ ልቀቂያት። አንቺ ከለቀቅሻት መርፌውም አይጎዳትም። በሚካኤል፣ ራሴ ተሸክሜ እወስዳታለሁ።»

ከዚያ ወደ ሮልፍ ሮጥኩ። ፔኒሲሊን ክኒን እንዳለው አውቃለሁ፤ በጥቅምት ሲያመው ውኃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ገና ሲመጣ «ዶክተር ከሆነ ለምን አያክምም?» እያለ ይስቅበት ነበር። ዛሬ ሳቁ ጠፋብኝ።

«ሐኪም አይደለሁም» አለኝ። «ብትሞት እኔን ነው የሚጠይቁት። ደግሞም ሥርዓቱ አላለቀም። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ሥርዓቱ አላለቀም!

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት።  «የሙሉነሽ እናት ስትሞት ጡቴን ያጠባኋት እኔ ነኝ» አለች። ተነሥታ ጓዳ ገባች። ሂጂ አላለችም። አትሂጂም አላለችም።

ውብነሽ ግን እጄን ያዘችኝ። «እታለም... እኔስ?» አለች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ተፋሁ።

በሁሉም ፊት፣ ጧት፣ በእንየው ግቢ። ሙሉነሽን አውጥተው ደጃፉ ላይ አስተኝተዋታል። ቃሬዛው ተሠርቶ አጥሩን ተደግፏል። እሱን ሳላይ አንድ እርምጃም አልራመድም ብዬ ነበር፤ አሳዩኝ። የሚሸከሙት ጎረቤቶችም ስንቃቸውን ቋጥረው ቆመዋል።

ሮልፍ ከሁሉም ቀድሞ ደርሷል። ጥሩውን ቦታ ይዟል። ካሜራው አንገቱ ላይ።

ተንበረከክሁ። አፌ ደርቋል። ምራቅ አጣሁ። አሳቀኝ ልበል? ስንት ዓመት ተምሬ አንዲት ጠብታ ምራቅ ማምጣት አቃተኝ። «ከለከለቻት! አልለቅም አለች!» ማለት ጀመሩ። ምላሴን ነከስኩ።

«አዲስዓለም» አለኝ ሮልፍ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ በጨዋነት፣ «ፊትሽን ትንሽ ወደ ብርሃኑ።»

እንትፍ አልኩ። ግንባሯ ላይ። ጡቷ ላይ። ደም ቀላቅሎ ነበር።

ሙሉነሽ ረዥም ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ ዓይኗን ከፈተች። ነጩን አይደለም፤ ዓይኗን። አየችኝ። «ውኃ» አለች።

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ መሬት ሳሙ። እንየው እግሬ ላይ ወደቀ።

እኔ... ይህን ከዚህ ወረቀት በቀር ለማንም አልናገርም። ለአንዲት ቅጽበት አመንኩ። ዓይኗ ሲከፈት «እኔ ነበርኩ እንዴ?» አልኩ። በመላ ሰውነቴ ነው ያልኩት። ትኩሳት ይወጣል ይወርዳል፤ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ያኛው ነው።

ከዚያ ሳይወስዷት እንዳይቀሩ ፈራሁ። «እኮ ዳነች፣ ምን መንገድ ያስፈልጋታል» የሚል ድምፅ ተሰማ። ተነሥቼ ቃሬዛውን ራሴ አነሣሁ። «ካልወሰዳችኋት መልሼ እይዛታለሁ!» አልኩ።

ወሰዷት።

እንደዚያ ብዬ አስፈራርቼ አዳንኳት። ለሁልጊዜም የሆንኩትን ሆንኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ከንፋስ መውጫ መልእክተኛ መጣ። ድሬሰሩ ቀደደው፤ አንድ ጣሳ የሚሞላ መግል ወጣ፤ መርፌ ጀምሯታል። በልታለች። ሕፃኑን ጠይቃለች።

አልቅሼ አላውቅም እንዲህ።

ገበያው ላይ የሚባለው ደግሞ ይህ ነው፦ «ገና ከመትፋቷ መግሉ ግልብጥ አለ!»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሴቶች በኩል ስቆም ዙሪያዬ ቦታ ሰፋ። ማንም ሂጂ አላለኝም። ዝም ብሎ ሰፋ።

ሲወጡ መሪጌታ ቀለመወርቅን ጠብቄ አነጋገርኳቸው። በቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ያስመሰከሩ፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። አልሸሹኝም።

«ልጄ፣ ሰይጣን የሐሰት አባት ነው። የጠራውን ስም ሁሉ አምኜ አላውቅም።»

«ታዲያ ይህንኑ ለሰዉ ይንገሩልኝ!»

መቋሚያቸውን ተደገፉ። ዕድሜያቸው ታየኝ።

«እኔም እኮ የምኖረው እዚሁ ነው» አሉኝ።

ተናደድኩባቸው። ቤት ከደረስኩ በኋላ ግን፣ በዚህ ሁሉ ወር እውነቱን የነገረኝ ሰው እሳቸው ብቻ መሆናቸው ታሰበኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ጾሙ ተፈታ። እናቴ ዶሮ ሠርታ ሦስታችንም ቀረብን። እናቴ ስትጎርስ፣ እኔ ምድጃውን አያለሁ። ውብነሽ ስትበላ፣ ምሰሶውን አያለሁ።

ማንም አላዘዘኝም። ዓይኔ ራሱ ተምሮ ተሰበረ።

ረቡዕ፣ ጥር 5

ሙሉነሽ ተመልሳ መጣች። ልጠይቃት ሄድኩ።

ፊቷ ተመልሷል። ቁጭ ብላ ገንፎ ትበላ ነበር። እኔ ስገባ እትዬ ካሣነሽ ነጠላቸውን አውልቀው በመካከላችን ዘረጉት። እሷም ከነጠላው ጀርባ መብላቷን ቀጠለች። ማንኪያው ሲነካካ እሰማለሁ። ጨርሳ አፏን እስክትጠርግ ነጠላው ተዘርግቶ ቆየ።

ነጠላው ወርዶ ስንተያይ ፈገግ አለችልኝ። ያው የድሮ ፈገግታዋ። የፊት ጥርሷ ትንሽ ተነጥላ የምትታይበት።

«አዲስዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችኝ። «ስለለቀቅሽኝ።»

«ሙሉ፣ መግል እኮ ነው! ድሬሰሩ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። እሱማ ቀደደው። ያወጣሽው ግን አንቺ ነሽ።» እጄን ያዘችኝ። ወዳኝ ነው፤ ልቧን አውቀዋለሁ። «አልቀየምኩሽም። ያንቺም ፈቃድ አይደል፤ በደምሽ የመጣ ነው። ሕፃኑን ብቻ... አደራ።»

አደራ!

እጄን አስለቅቄ ወጣሁ። የጠላ ሰው ቢሆን እመልስለት ነበር። ይቅር ላለኝ ሰው ምን እመልሳለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥር 8

የግራዝማች አለበል ሽማግሌዎች መጡ። አጭር ነበር። «ከተከበረ ቤት ነው የመጣነው፤ የተከበራችሁም ናችሁ፤ ነገር ግን...» ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን ማንም አልተናገረውም። እናቴ እስከ በር ሸኘቻቸው።

ውብነሽ አላለቀሰችም። የብቅሉን እንስራ ከደነችው።

ዓርብ፣ ጥር 14

ጥምቀትን ካየ በኋላ ሮልፍ ጓዙን በበቅሎ ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ተነሣ። ሊሰናበተኝ ደጃችን ድረስ መጣ።

«ስምሽን አልጠቅስም» አለ። «ቃል እገባለሁ።»

«ስሜን የጠራውማ ሌላ ነው» አልኩት። «እርስዎ የወሰዱት ሌላውን ነው።»

ትንሽ ተቸገረ። ከዚያ፣ ሊጠይቅ የመጣበትን ጠየቀ። ድምፁ ለስልሶ። «አንድ ነገር ብቻ። ዓይኗን በከፈተች ጊዜ... ለአንዲት ቅጽበት፣ አምነሽ ነበር?»

እንዴት አወቀ? ከብዙ ሰው ፊት ያችን አንዲት ነገር አይቷል። ጎበዝ ነው። ጎበዝ መሆኑ ነው የሚያስጠላኝ።

«ይጻፉ» አልኩት። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። «ጠየቅኋት፤ አልመለሰችም ብለው ይጻፉ።»

በቅሎዎቹ ከዳገቱ እስኪሰወሩ አላየሁም። ገብስ አበጥር ነበር።

እሑድ፣ ጥር 23

ዛሬ የውብነሽ ሰርግ ይሆን ነበር።

ከታች ሌላ ቤት ሰርግ አለ፤ ከበሮው እስከ እኛ ይሰማል። እናቴ ውብነሽ እንዳትሰማ ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከበሮ በር አይከለክለውም። ምሳ ቀረበ። ውብነሽ የራሷን በሳህን ቆርሳ ይዛ ተነሣች። ግድግዳው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጥታኝ መብላት ጀመረች።

መጀመሪያ አልገባኝም። እናቴን አየኋት። እናቴ ዓይኗን አሸሸች።

«ውብነሽ።»

«አቤት እታለም።»

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየበላሁ።»

«ለምን ጀርባሽን ሰጠሽኝ?»

እጇ ቆመ።  «እኔ እንጃ... ሳላስበው ነው። በማርያም፣ ሳላስበው ነው።»

አምናታለሁ። ዓይኔ ምሰሶውን ያየው፣ ጀርባዋ የዞረው፣ በአንድ መንገድ ነው። ከሮልፍ በፊት ነበር፣ ከሙሉነሽም በፊት፣ ከአያቴም በፊት። ሁላችንም ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ሮልፍ ስም ያወጣለታል። መሪጌታ ሌላ ስም። እኔ ስሙን አላውቅም። ግን ዛሬ በቤታችን ውስጥ፣ በእህቴ ጀርባ ላይ አየሁት።

«ዙሪ» አልኳት።

«ተያት ልጄ» አለች እናቴ። «ዛሬ እንኳ ተያት።»

«አልተዋትም። ዙሪ፣ ውብነሽ።»

ዞረች። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል። ጉርሻውን ይዛ ቆየች። ዓይኔን ከዓይኗ አላነሣሁም፤ ምሰሶውንም ምድጃውንም አላየሁም። ከታች ከበሮው ይመታል። ፈርታለች፤ ይታየኛል። እህቴ ፈርታኛለች። እየፈራች ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች።

«ሌላም» አልኳት። በላች። ከዚያ እናቴ ተነሥታ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠችና እሷም ፊት ለፊቴ በላች።

በቃኝ። ከእንግዲህ ሰው ሲበላ ዓይኔን አልሰብርም፤ በሠርግም በተዝካርም፣ የሚሸፍን ይሸፍን። አያቴን አራሽ ነበር አልልም፤ ቀጥቃጭ ነበር፣ ዛሬ ከታች የሚበሉት እህልም ከእንዲያ ያለ ማረሻ ሥር የወጣ ነው። አፌን ለሌላ ሰው ጥያቄ አላውስም። ሙሉነሽ ብትታመም ነገም እተፋለሁ፤ አመስግኑኝ አልልም፣ ይቅርታቸውን ግን አልቀበልም። ያመንኩባት ያቺ ቅጽበትም የኔ ናት፤ ለማንም አልሰጣትም።

የሚያየኝ ይየኝ። እኔም እያየሁት ነው።